ስለ ፋይበር ግላስ የሮኬት አፍንጫ፦ ለወጣት ሠሪዎች የተጻፈ ምክር

ውድ ወጣቶች፤

የሞዴል ሮኬት መሥራት መጀመራችሁን ሰምቻለሁ፤ አፍንጫውን፣ ማለትም የሮኬቱን የፊት ጫፍ፣ በፋይበር ግላስ (በሬዚን በሚርስ የመስታወት ክር) ለማውጣት እንዳሰባችሁም አውቃለሁ። ዕድሜዬን እዚሁ ጅማ በቶርኖና በፎርማ ሥራ ያሳለፍኩ በመሆኔ፣ ይጠቅማችኋል የምለውን በጽሑፍ ላካፍላችሁ ወደድኩ። ከሁሉ አስቀድማችሁ እንድትይዙልኝ የምፈልገው፣ የአፍንጫው መልካምነት የሚወሰነው የሬዚኑ፣ ማለትም ክሩን አርሶ የሚደርቀው ማጣበቂያ ፈሳሽ፣ ቆርቆሮ ከመከፈቱ በፊት መሆኑን ነው። ሬዚኑን መቀባት ፈጥኖ ያልቃል፤ ፋይበሩ የሚለበጥበትን የእንጨት ቅርጽ፣ ፎርማውን፣ ማስተካከል ግን ቀናትን ይጠይቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የደረቀ ሬዚን ግን አይለቀምም።

ደግሞም ሁሉም ሮኬት ፋይበር ግላስ አያስፈልገውም። ለቀጭን ሮኬት ከቀላል እንጨት የተሞረደ አፍንጫ ይበቃል፤ ክብደቱም ያንሳል። በአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር የደኅንነት ደንብም ቢሆን የሚጠይቀው አፍንጫው፣ አካሉና ክንፎቹ ቀላልና ከብረት ያልተሠሩ እንዲሆኑ ነው። ፋይበሩ ዋጋ የሚኖረው አካሉ ሰፋ ሲል፣ በተለይም ልክ ሲጠፋ ነው። ሌላ አገር ያለ ሠሪ ቱቦውንም አፍንጫውንም ተገጣጣሚ አድርጎ ከሱቅ ይገዛል፤ እኛ ከጨርቅ ነጋዴ ለምነን የምናመጣው የካርቶን ቱቦ ግን ልኩ ከማንም ጋር ስለማይገጥም፣ አፍንጫውን ለራሱ ለቱቦው ማውጣት ግድ ይሆናል።

ስለ ቅርጹ ስናወራ፣ ወጣት ሁሉ እንደ መርፌ የሾለ አፍንጫ ይመኛል። ከድምፅ ፍጥነት በታች ለሚበር ሮኬት ግን ሹልነቱ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አያመጣም፤ በዚያ ፍጥነት አፍንጫው ላይ የሚደርሰው ተቃውሞ በአብዛኛው አየሩ ከገጹ ጋር የሚያደርገው ሰበቃ ስለሆነ፣ የገጹ ልስላሴና ከቱቦው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ያለ እርከን መጋጠሙ ከሹልነቱ ይበልጣሉ። የሾለ ጫፍ ሲወድቅ ቀድሞ የሚሰበር፣ ሰው ላይ ካረፈም የሚወጋ ነው፤ ስለዚህ ጫፉን ዶልዶም አድርጉት።

እኔ የምመርጥላችሁ ኦጂቭ የሚባለውን፣ ጎኑ የክብ ቅስት የሆነውን ቅርጽ ነው፤ በክርና በምስማር መሳል ይቻላልና። የቱቦው የውጭ ስፋት 60 ሚሊሜትር፣ የአፍንጫው ቁመት 180 ሚሊሜትር ነው እንበል። የቁመቱን ካሬና የቱቦውን ራዲየስ ካሬ ደምራችሁ ለቱቦው ስፋት አካፍሉ፤ 32,400 እና 900 ተደምሮ ለ60 ሲካፈል 555 ሚሊሜትር ይመጣል፤ የቅስቱ ራዲየስ ይኸው ነው። በሰፊ ካርቶን ላይ የአፍንጫውን መሐል መስመርና የመሠረቱን መስመር በቀጤ ነክ አስምሩ፤ የመሠረቱን መስመር ወደ አንድ ወገን አስረዝማችሁ ከመገናኛው 525 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ምስማር ምቱ፤ ከዚያ የማይለጠጥ ክር በ555 ሚሊሜትር ይዛችሁ ከምስማሩ ማዶ ባለው ወገን ቅስቱን ሳሉ። በቁመቱ እኩሌታ ላይ የአፍንጫው ስፋት 45 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ሥዕሉ ትክክል ነው። 30 ከሆነ የሳላችሁት ቀጥ ያለ ሾጣጣ ነው። የምትለብጡት እንጨቱን ከውጭ ስለሆነ፣ ፋይበሩ 1 ሚሊሜትር እንዲወፍር ካሰባችሁ እንጨቱ በዙሪያው በዚያው ልክ መቅጠን አለበት፤ ይህን የሚረሳ ሰው ከቱቦው የሰፋ አፍንጫ ይወጣለታል።

ለፎርማው እንጨት ጅማ ላይ አንቸገርም። ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍለው የሚያወጡ ሰዎች አገር ነው፤ የወንበር እግር የሚያወጣ ቶርኖ ያለው አናጢም አይጠፋም። ዋንዛ ለስላሳና ለመሣሪያ የሚታዘዝ በመሆኑ እሱን እመርጣለሁ፤ ብቻ በደንብ የደረቀ ይሁን። ከመሠረቱ በታች ጥቂት ሴንቲሜትር ትርፍ እንጨት አስቀሩ፤ ፋይበሩ እዚያ ድረስ ከለበሰ በኋላ የተዝረከረከውን ጠርዝ ቆርጣችሁ ትጥላላችሁ። ቀዳዳውን በስቱኮ ሙሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱ፣ ቬርኒስ ቀቡ፣ ደግሞ አልስልሱ። ጥፍራችሁን በላዩ ስታስኬዱ የሚይዘው ነገር ካለ ሥራው ገና ነው፤ ያች ትንሽ ጭረት የደረቀውን ፋይበር ጨምድዳ ትይዘዋለችና። በመጨረሻም ሰም ደጋግማችሁ ቀብታችሁ ወልውሉ። በእንጨቱ መሐል ከታች እስከ ጫፉ የሚዘልቅ ቀጭን ቀዳዳ ብታወጡና በምትለብጡበት ጊዜ ጫፉን በሰም ብትደፍኑት፣ ኋላ በጎማ መንፊያ አየር ስትነፉበት ልባሱ በቀላሉ ይለቃል።

ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ፖሊስተር የሚባለው ሬዚንና የተበታተነ የመስታወት ክር ያለው ምንጣፍ ነው። የምንጣፉን ክሮች ያያዘው ማጣበቂያ የሚሟሟው ፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን በሚባል ፈሳሽ በመሆኑ፣ ያንኑ ምንጣፍ ኢፖክሲ በሚባለው ሌላ ዓይነት ሬዚን ብታርሱት እንደ ደረቀ ቆዳ ገትሮ በቅስቱ ላይ አልተኛም ይላችኋል። ኢፖክሲ ካገኛችሁ የተሸመነውን ጨርቅ በሰያፍ ቆርጣችሁ ተጠቀሙ። ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣውን ነጭ ፎም ፎርማ ላድርግ የሚል ካለም፣ ፖሊስተር እንደሚያቀልጠውና ኢፖክሲ ግን እንደማይነካው ይወቅ።

ፖሊስተር የሚፈልገው ካታሊስት፣ ማለትም ሬዚኑን የሚያደርቀው ቅመም፣ ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው፤ ለ100 ግራም ሬዚን 1 ወይም 2 ግራም ማለት ስለሆነ በዓይን ግምት አይሆንም፤ በሲሪንጅ ለኩት። በኢፖክሲ በኩል ደግሞ ሃርድነር የሚባለውን ማጠንከሪያውን ከልክ በላይ መጨመር አያፈጥነውም፤ አምራቹ የጻፈውን ልክ ያለፈ ድብልቅ እንደ ማስቲካ ሆኖ ይቀራል። የጅማ ክረምት ርጥበት ለሁለቱም ስለማይመች፣ ጨርቁን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ ዝናብ ሲጥል ከመለበጥ ደረቅ ቀን ጠብቁ።

ጤናን በተመለከተ ቃሌን አላለሳልስም። የፖሊስተር ካታሊስት ዓይን ውስጥ ከገባ እስከ መታወር ያደርሳል፤ መነጽርና ጓንት ሳታደርጉ ጠርሙሱን አትክፈቱ፤ ከገባም ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ለረጅም ጊዜ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ኮባልት የሚባለው ማፍጠኛ ለብቻው ከተሰጣችሁ ከካታሊስቱ ጋር በቀጥታ ፈጽሞ አታገናኙት፤ ይፈነዳል። ሥራው ደጅ ወይም ነፋሻ ቦታ ይሁን። የደረቀውን ፋይበር ስትፍቁ ውኃ እያስነካችሁ ፍቁ፤ ብናኙ የመስታወት ብናኝ ስለሆነ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛም አይለያችሁ።

አፍንጫው ከወጣ በኋላ የሚመዘነው ብቻውን ሳይሆን ከሮኬቱ ጋር ነው። የናሳ መሐንዲስ የነበረው ጄምስ ባሮውማን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባዘጋጀው ስሌት መሠረት፣ በኦጂቭ አፍንጫ ላይ የአየሩ ግፊት የሚያርፈው ከጫፉ 46.6 በመቶ ያህል ቁመት ላይ ነው፤ በእኛ ምሳሌ 84 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ክንፎቹ የመላውን ሮኬት የግፊት ማዕከል ወደ ኋላ ይስቡታል፤ የክብደት ማዕከሉ ደግሞ ከዚያ ቢያንስ በአንድ የቱቦ ስፋት፣ ማለትም በ60 ሚሊሜትር፣ ወደ ፊት መቅደም አለበት። ፋይበር ግላስ ከቀላል እንጨት ስለሚከብድ በዚህ ረገድ ይረዳል፤ ከልክ በላይ ከከበደ ግን ፓራሹቱ አይችለውም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ወለል ካለው 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ በሌላ አገር የተጻፈ የፓራሹት መጠን እዚህ ሲሠራበት ሮኬቱ ፈጠን ብሎ ይወርዳልና ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡት።

ሞተሩን በሚመለከት አጭር ነኝ፦ ባሩድም ሆነ ሌላ ነዳጅ ቤት ውስጥ አትቀምሙ። ያለ ፈቃድና ያለ ባለሙያ አታስወንጭፉ። አፍንጫችሁን በውኃና በታመቀ አየር በሚወነጨፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሮኬት ላይ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ብትሞክሩት ስለ ቅርጹና ስለ ሚዛኑ ብዙ ትማራላችሁ።

የቀረው ግጥሙ ነው። ወደ ቱቦው የሚገባው የአፍንጫው አንገት ቢያንስ አንድ የቱቦ ስፋት ያህል ይርዘም፤ ከበስተ ውስጥ የፕላይውድ ክዳን አጣብቃችሁ የፓራሹቱን ገመድ የሚይዘውን ቀለበት እዚያ እሰሩ። አፍንጫውን ይዛችሁ ሮኬቱን ስታነሱት መውደቅ የለበትም፤ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ደግሞ ያለ ትግል መውጣት አለበት፤ ከጠበቀ ፓራሹቱ ሳይወጣ ይቀራልና። የካርቶን ቱቦ ርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ፋይበሩ ግን ባለበት ይቆያል፤ ስለዚህ በበጋ ልክ የነበረው ግጥም በሰኔ ልክ ላይሆን ይችላል። ግጥሙን በማስወንጨፊያው ቀን ጠዋት እንደገና ፈትሹ፤ ከጠበቀ የቱቦውን የውስጥ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጉ፤ ከላላ በአንገቱ ዙሪያ አንድ ዙር የወረቀት ፕላስተር ጠምጥሙበት።