የጦርነት ሕግ፣ ወረራና ሲቪሎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ታጣቂዎች ሆስፒታል ውስጥ ከገቡ ሆስፒታሉ ወዲያው ዒላማ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። በብዛት የሚዛባው ነጥብ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። የቆሰሉ ወታደሮች መታከማቸው፣ ከእነሱ የተሰበሰበ ቀላል መሣሪያና ጥይት ለሚመለከተው ክፍል ሳይተላለፍ ግቢው ውስጥ መገኘቱ ጠላትን የሚጎዳ ድርጊት አይደለም፤ በጦርነት ሲቪሎችን የሚጠብቀው የ1949ኙ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 19 ይህን በግልጽ ደንግጓል። ከግቢው የሚተኮስ ከሆነ ወይም ጦሩ የዕዝ ማዕከል ካደረገው ግን ጥበቃው ሊነሳ ይችላል። ያም ቢሆን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ ተገቢ የጊዜ ገደብ አልፎ ማስጠንቀቂያው ሰሚ ካጣ ብቻ ነው ጥበቃው የሚነሳው።

ችግሩ የሚመጣው “ተገቢ ጊዜ” የሚለው ላይ ነው። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለው ሕመምተኛ ስንት ነው? አምቡላንስና ነዳጅ አለ? መንገዱ ክፍት ነው? ተቀባዩ ሆስፒታል ባዶ አልጋ አለው? እነዚህን ሳያጣሩ የጥቂት ሰዓት ቀነ ገደብ መስጠት የወጉን ለማድረስ ያህል ነው። መውጣት ያልቻለ ሕመምተኛም ቀረ ተብሎ ዒላማ አይሆንም፤ ጥቃቱ የተመጣጣኝነትና የጥንቃቄ ግዴታዎችን ማሟላት አለበት። ሆስፒታሉን መከለያ ያደረገው ወገንም ሕግ ጥሷል፤ የአንዱ ጥሰት ግን የሌላውን ግዴታ አይሰርዝም።

ጥያቄ፦ ተመጣጣኝነት ሲባል የሁለቱን ወገን ሟቾች ማነጻጸር ነው?

መልስ፦ አይደለም። በጄኔቫ ስምምነቶች ላይ በተጨመረው የ1977ቱ አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 51 መሠረት ሚዛን ላይ የሚቀመጡት ጥቃቱ በሲቪሎች ላይ ያደርሰዋል ተብሎ የሚጠበቀው ጉዳትና ከዚያው ጥቃት የሚጠበቀው ተጨባጭና ቀጥተኛ ወታደራዊ ጥቅም ናቸው። ፕሮቶኮሉን ያላጸደቁ አገሮችም በልማዳዊ ሕግ፣ ማለትም አገሮች በተግባር ግዴታ ብለው በተቀበሉት ልማድ፣ ይገዙበታል። የሚታየው አዛዡ ሲወስን በእጁ የነበረው ወይም ቢጥር ሊያገኘው ይችል የነበረው መረጃ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳት ነው፤ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሲመታ የውኃ ፓምፑ ይቆማል፣ ንጹሕ ውኃ ሲጠፋ በሽታ ይከተላል። አስቀድሞ ሊገመት የሚችል እስከሆነ ድረስ ይህም መቆጠር አለበት።

ጥያቄ፦ የወታደሮችን እንቅስቃሴ በስልኬ ለአንድ ወገን ብልክ ሲቪልነቴን አጣለሁ?

መልስ፦ ሲቪልነትዎን አያጡም፤ ድርጊቱን በሚፈጽሙበት ጊዜ ግን ከጥቃት የመጠበቅ መብትዎን ሊያጡ ይችላሉ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በ2009 ባወጣው መመሪያ ሦስት ነገሮች አብረው መሟላት አለባቸው፦ የጉዳቱ ክብደት፣ በድርጊቱና በጉዳቱ መካከል ቀጥተኛ ትስስር መኖሩ፣ እንዲሁም ድርጊቱ አንዱን ተፋላሚ ደግፎ ሌላውን ለመጉዳት የታለመ መሆኑ። ታንክ የቆመበትን ቦታ ለመድፈኞች ለይቶ መጠቆም መስፈርቱን ሊያሟላ ይችላል፤ ለቤተሰብ “በዚያ በኩል አትምጡ” ብሎ መላክ አያሟላም። ስልክ የያዘን ሰው ከሩቅ የሚያይ ወታደር ግን ሁለቱን መለየት ይቸገራል። ለዚህ ሥራ መተግበሪያ የሚያሰራጩ መንግሥታት ሕዝባቸውን አደጋ ላይ እየጣሉ ነው፤ ቢያንስ አደጋውን በግልጽ ሊነግሩት ይገባል።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዒላማ ሲመርጥስ?

መልስ፦ ግዴታው ያው በሰው ላይ ነው። የአንደኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 57 ዒላማው ወታደራዊ መሆኑን ለማረጋገጥ የሚቻለው ሁሉ እንዲደረግ ያዛል። ማሽኑ ዒላማ ብሎ ያቀረበለትን የሰው ስም ምክንያቱን ሳያይ በሰከንዶች የሚያጸድቅ መኮንን አረጋገጠ አይባልም።

ጥያቄ፦ አንድ ጦር “አስተዳደሩን ለአካባቢው ሰዎች ትቻለሁ” ካለ ወረራ የለም ማለት ነው?

መልስ፦ መግለጫው አይወስንም። የ1907ቱ የሄግ ደንብ አንቀጽ 42 የሚጠይቀው ግዛቱ በተግባር በጠላት ጦር ሥልጣን ሥር መውደቁን ነው። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2005፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ኡጋንዳን በከሰሰችበት ጉዳይ፣ የኡጋንዳ ጦር አዛዥ በሰሜን ምሥራቅ ኮንጎ በምትገኘው ኢቱሪ አዲስ ክፍለ ሀገር መሥርቶ አስተዳዳሪ መሾሙን አይቶ ኡጋንዳ ወራሪ ኃይል ነበረች ብሏል። ውጤቱ ከባድ ነው፤ ወራሪው የራሱ ወታደሮች ለፈጸሙት ብቻ ሳይሆን በዚያ የሚንቀሳቀሱ ሌሎች ታጣቂዎች ሲገድሉና ሲዘርፉ ባለመከላከሉም ይጠየቃል። በ2022 ፍርድ ቤቱ ኡጋንዳ ለኮንጎ 325 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ወስኗል።

ጥያቄ፦ ወራሪው እርዳታ መከልከል ይችላል?

መልስ፦ ሕዝቡ በቂ አቅርቦት ከሌለው አይችልም። በአራተኛው ስምምነት አንቀጽ 55 ምግብና መድኃኒት ማቅረብ መጀመሪያ የራሱ የወራሪው ግዴታ ነው፤ ካልተቻለው በአንቀጽ 59 የእርዳታ ሥራን መፍቀድ አለበት። ጭነቱን መፈተሽ፣ ሰዓትና መንገድ መወሰን ይችላል። ፍተሻው እህሉን እስኪያበሰብስ ከተጓተተ ግን መከልከል ሆነ።

ጥያቄ፦ የምርኮኛን ቪዲዮ ማሰራጨትስ?

መልስ፦ በሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 13 ምርኮኛ ከሕዝብ መሳለቂያነት መጠበቅ አለበት፤ ፊቱ የሚታይበትን ቪዲዮ አታጋሩ። ሲጠየቅ እንዲናገር የሚገደደው ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የልደት ቀኑንና መለያ ቁጥሩን ብቻ ነው። ቤተሰቡ ስለ እሱ ማወቅ ያለበትም ምርኮኛው ራሱ በሚጽፍላቸው የምርኮኛ ካርድ ነው፤ ካርዱን እንዲልክ ካምፕ በደረሰ ከአንድ ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ሊፈቀድለት ይገባል።