የካሴት «ሽሽሽ» እና የዶልቢ ሳጥን፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ለብቻው የሚቆም፣ የካሴትን ሽሽታ የሚቀንስ የዶልቢ ቢ ሳጥን አምጥታልኛለች። ከኋላው ቀዳዳው ብዙ ነው። ከአምፕሊፋየሬና ከካሴት ቴፔ ጋር እንዴት ላገናኘው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ከገመዱ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። 117 ወይም 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይግዙ፤ ሳጥኑ የሚበላው መብራት ትንሽ ስለሆነ 50 ዋቱ ይበቃል። ትራንስፎርመሩን ከቴፑ አንድ ሜትር ያህል ያርቁት፤ ከተጠጋ ሄዱ (የካሴቱን ክር የሚያነበው የቴፑ ክፍል) «እምምም» የሚለውን ይለቅመዋል። 60 ኸርዝ የሚለው አያሳስብዎ፣ ሳጥኑ ሞተር የለውም። ቴፑም ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፍጥነቱን ከመብራቱ የሚወስድ ኤሲ ሞተር ካለው፣ በእኛ 50 ኸርዝ ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ዘፋኟ ወንድ ትመስላለች። ይህን ትራንስፎርመር አያስተካክለውም።

የሚያስፈልገው አራት ጥንድ የአርሲኤ ገመድ (ጫፉ ቀይና ነጭ የሆነው የድምፅ ገመድ) ነው። ከአምፕሊፋየሩ «ሬክ አውት» ወደ ሳጥኑ መግቢያ፣ ከሳጥኑ ወደ ቴፑ «ላይን ኢን»፣ ከቴፑ «ላይን አውት» ተመልሶ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ደግሞ ወደ አምፕሊፋየሩ «ቴፕ ኢን»። ቀዩ ቀኝ ነው። ፎኖ የሚለው ቀዳዳ ውስጥም ሆነ የስፒከሩ መውጫ ላይ ምንም እንዳይሰኩ። ሁሉን ሰክተው ድምፅ ከሌለ አምፕሊፋየሩ ላይ «ቴፕ ሞኒተር» የሚለውን ይጫኑ፤ ሳጥኑ ተበላሽቷል እየተባለ ጥገና ቤት የሚዞረው ብዙ ጊዜ በዚህች ቁልፍ ነው። የቴፑ የራሱ ዶልቢ ይጥፋ፤ ሁለቱ አብረው ከሠሩ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ሁለት ጊዜ ይቆረጣል።

ጥያቄ፦ ሳጥኑን ከገጠምኩ ወዲህ የድሮ ካሴቶቼ ሽሽታ ጠፍቷል። ነገር ግን ክራሩ ጨርቅ የተጣለበት ይመስላል፤ ማሲንቆውም ደንዝዟል። ምን ይሻላል? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ምናልባት ሳጥኑ ላይ ምንም ችግር የለም፤ ካሴቶቹ በዶልቢ አልተቀዱም። ዶልቢ ቢ ማጥፊያ ብቻ አይደለም፣ ሁለት ወገን ያለው ሥራ ነው። ሲቀዳ ለስለስ ያለውን ቀጭን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ ሲጫወት በዚያው ልክ ይመልሰዋል፣ አብሮም የክሩን ሽሽታ ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ እስከ 10 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ያወርዳል። ሲቀዳ ያልተነሳውን ሲያጫውቱ ካወረዱት የሚጎድለው ሙዚቃው ነው። የካሴቱ ወረቀት ላይ ሁለት ዲ የገጠሙበት የዶልቢ ምልክት ካለ በዶልቢ ተቀድቷል። ከሱቅ ቴፕ ወደ ቴፕ የተገለበጠ ከሆነ ግን ወረቀቱን አይመኑ፣ ጆሮዎን ይመኑ፦ ዶልቢው ጠፍቶ የክራሩ ምት ከተፈጥሮው በላይ ሹል ከሆነና ሲበራ ከተስተካከለ፣ ተቀድቷል ማለት ነው። ሲጠፋ ትክክል፣ ሲበራ ድፍን ከሆነ ዶልቢውን አጥፍተው ያዳምጡ፤ ሽሽታውንም ይቻሉት።

ምልክቱ ያለበት ካሴትም ከደነዘዘ ችግሩ ሄዱ ላይ ነው። በመጀመሪያ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል፣ በጥጥ ይጥረጉት፤ ቡናማ ነገር መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ። ቀጥሎ ሄዱ አጠገብ ስፕሪንግ ያለባትን ብሎን ይፈልጉ። የታወቀ ጥሩ ካሴት እያጫወቱ አምፕሊፋየሩን ሞኖ ላይ ያድርጉና በማግኔት ባልሆነች ቀጭን ካቻቪቴ ጥቂት ወዲህና ወዲያ ያዙሯት፣ ከሩብ ዙር አይለፉ። ቀጭኑ ድምፅ እጅግ የጠራበት ቦታ ትክክለኛው ነው። ሄዱ ከተጣመመ ትሬብሉ ይጎድላል፤ ዶልቢው ደግሞ የጎደለውን «ለስላሳ ነው» ብሎ ጨምሮ ይቀንሰዋል። ትንሿ ጥፋት በዶልቢ ትበዛለች።

ጥያቄ፦ አዲስ ካሴት ላይ ልቀዳ ነው። ሳጥኑ ላይ ቶን የሚለው ማብሪያ ምን ይሠራል? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚዘለው ዋናው ሥራ ይኸው ነው። ዶልቢ ድምፁ የቱ ለስላሳ፣ የቱ ጎላ ያለ እንደሆነ የሚያውቀው በከፍታው ስለሆነ የሳጥኑና የቴፑ ልክ መስማማት አለበት። ቶኑ ይህን ልክ ማስተካከያ ወጥ ድምፅ ነው፣ ብዙውን ጊዜ 400 ኸርዝ። ካለዎት በመጀመሪያ የዶልቢ ልክ የተቀዳበት ካሴት (በክሩ ላይ ያለው የማግኔት ጥንካሬ 200 ናኖዌበር በሜትር) ያጫውቱና የሳጥኑን «ፕሌይ» ማዞሪያ መርፌው የዶልቢው ምልክት ላይ እስኪያርፍ ያስተካክሉ። ከዚያ ባዶውን ካሴት ይክተቱ፣ ቶኑን ያብሩ፣ 30 ሰከንድ ይቅዱ፣ መልሰው ያጫውቱ። መርፌው ከምልክቱ ካነሰ የቴፑን የቅጂ ማዞሪያ ከፍ፣ ካለፈ ዝቅ አድርገው ይድገሙ፤ ግራና ቀኙን ለየብቻ። ሦስት ሄድ ያለው ቴፕ ከሆነ እየቀዱ ማየት ስለሚችሉ መደጋገሙ ይቀራል።

ልኩ ሲገኝ የማዞሪያውን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርገው ይተዉት። ከዚህ በኋላ የዘፈኑን ከፍታ የሚያስተካክሉት በሳጥኑ መግቢያ ማዞሪያ እንጂ በቴፑ አይደለም። የካሴት ዓይነት ሲቀየር ቶኑ ይደገማል። ልኩ 2 ዲሲቤል ቢሳሳት ይሰማል፦ ሲያጫውቱ ወደ ሳጥኑ የሚገባው ካነሰ ድምፁ ይደፈናል፣ ከበዛ ይሾላል፣ ሽሽታውም ይመለሳል። ከኤፍ ኤም ስቴሪዮ ሲቀዱ ደግሞ «ኤምፒኤክስ» የሚለውን ያብሩ፤ ጣቢያው አብሮ የሚልከው 19 ኪሎኸርዝ ቶን ዶልቢውን ያሳስተዋል።

ጥያቄ፦ መርካቶ «ዲቢኤክስ» የሚል ሳጥን አይቻለሁ፤ ከዶልቢ ይበልጣል አሉኝ። ልግዛው? (ከአራዳ)

መልስ፦ ሽሽታን በመቀነስ ይበልጣል፣ ወደ 30 ዲሲቤል ይደርሳል። ሙዚቃውን ሲቀዳ በእጥፍ ጨምቆ ሲጫወት ይዘረጋዋል። ስለዚህ የክሩም ጉድለት አብሮ ይዘረጋል፤ ክሩ ላይ ድምፁ በ3 ዲሲቤል የሚጎድልበት ቦታ ካለ ሲጫወት 6 ይሆናል። በዲቢኤክስ የተቀዳ ካሴት ያለ ሳጥኑ አይደመጥም፣ በዶልቢም አይፈታም። ያሉዎት የድሮ ካሴቶች ብቻ ከሆኑ አይግዙት። ለእነሱ የሚጠቅመው በአንድ ወገን፣ ሲጫወት ብቻ የሚሠራው ዲኤንአር የሚባለው ሽሽታ መቀነሻ ነው፤ ኤል ኤም 1894 የሚባለው ቺፕ ያለበት ሳጥን ማንኛውንም ካሴት ይቀበላል፣ ዘፈኑ ሲለሰልስ ትሬብሉን ያጠብባል፣ ሲጎላ ይለቅቃል። አዲስ የሚቀዱ ከሆነ ግን ዲቢኤክሱ ጥሩ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ቀድተው፣ ካሴቱን መልሰው አጫውተው፣ ግራና ቀኙ እኩል መሥራቱን አይተው ይክፈሉ።