ማታ ማታ የሚቆም የካሜራ ምስል

ጥያቄ፦ በግቢያችን በር ላይ የተሰቀለው ገመድ አልባ የጥበቃ ካሜራ፣ በተለይ ማታ ማታ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አዲስ መግዛት ይኖርብን ይሆን?

መልስ፦ ከመግዛትዎ በፊት ካሜራውን አውርደው፣ ከራውተሩ አጠገብ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከራሱ አዳፕተር ጋር ይሞክሩት፤ እዚያ ሳይቆራረጥ ከሠራ ካሜራው ደህና ነው። የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ በር የዋይፋይ ሞገድን ስለሚያዳክሙ፣ ግድግዳን በተሻለ የሚያልፈውን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይምረጡ፤ የምስሉንም ጥራት ከ1080 ወደ 720 ዝቅ ያድርጉት። እኔ ግን ይበልጥ የምጠረጥረው ኤሌክትሪኩን ነው፦ ሲጨልም ካሜራው በጨለማ እንዲያይ የሚረዱት የኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ ብርሃን) መብራቶች ስለሚበሩ ካሜራው ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል፤ በረጅምና ቀጭን ገመድ የሚሄደው 5 ቮልት ደግሞ ካሜራው ዘንድ ሳይደርስ ይቀንሳል። ስለዚህ ወፈር ያለ አጭር ገመድ ይጠቀሙ፤ ሶኬቱንም ዝናብ በማያገኘው ቦታ ወደ ካሜራው ያስጠጉት።