«ለፈረንጅ ግእዝ ልታስተምር ነው?»

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ ጊዜ አንዴ አንብቤ ነው መልስ የምጽፈው። ያንተ ግን የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጠያቂው የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ቅኔ እስከ መወድስ (ከከባዶቹ የቅኔ ዓይነቶች አንዱ ነው) ዘልቋል። ከዚያ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ዘንድሮ ደብረ ማርቆስ ላይ በእንግሊዝኛ ይመረቃል። ሀምቡርግ ሄዶ የኢትዮጵያን ጥናት መማር አምሮታል። አባቱ «ስምንት ዓመት ቅኔ፣ አራት ዓመት እንግሊዝኛ፣ አሁን ደግሞ ለፈረንጅ ግእዝ ልታስተምር ነው?» ይሉታል። አጎቱ ቡሬ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ አላቸው፣ «ና፣ ሱቁን ያዝ» ብለዋል። አንድ ኤጀንት ደግሞ 180 ሺህ ብር ካመጣህ ሁሉን እጨርስልሃለሁ ብሎታል፤ አባትየው እየተቆጡም ቢሆን ጥማድ በሬያቸውን ሊሸጡለት ነው። «ጋሼ፣ እውነት ቋንቋ እንጀራ ይሆናል?» ይላል።

ይሆናል። ግን ሁሌም ላወቀው ሰው አይደለም የሚሆነው። ይህን እንድታይ የምትሄድበትን ቤት ታሪክ ልንገርህ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሀምቡርግ ላይ የአፍሪካ ቋንቋ ማስተማር የተጀመረው ለግእዝ ፍቅር ብለው አይደለም። በ1908 የተከፈተው የቅኝ ግዛት ተቋም ነበር፤ ወደ ቅኝ አገር ለሚላክ ሹምና ነጋዴ የአገሬውን ቋንቋ ለማስያዝ። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ ቅኝ ግዛቶቿን ስታጣ ቋንቋዎቹ ቀሩ፣ በ1919 ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም ወደዚያ ገቡ። ለንደንም ያው ነው፤ የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤቱ በ1916 ሲመሠረት ዋና ሐሳቡ የግዛቱን ሹማምንት ማሠልጠን ነበር። አሜሪካ ደግሞ በ1957 ሩሲያ ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት ስታመጥቅ ደነገጠች። በዓመቱ ሕግ አውጥታ ለዩኒቨርሲቲዎች የቋንቋና የአካባቢ ጥናት ገንዘብ ለቀቀች። በ1962 ወደ እኛ የመጡት የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ መምህራን ከመምጣታቸው በፊት የሠለጠኑት ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ነው። እንግዲህ እነዚህ ትምህርት ክፍሎች መንግሥት ሲፈራ ወይም ሲጎመጅ ይከፈታሉ፣ ሲረሳቸው ደግሞ ይዘጋሉ። በ2023 ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ አጠረኝ ብሎ 28 የትምህርት መስክና 143 የመምህራን ቦታ ሲቀንስ የቋንቋ ክፍሉን እንዳለ ነው ያፈረሰው። ስለዚህ አባትህ መስጋታቸው ልክ ነው። እዚህ ላይ አልከራከራቸውም።

የምከራከራቸው ሌላው ላይ ነው። «ለፈረንጅ ልታስተምር» የሚሉት አዲስ ነገር መስሏቸው ከሆነ፣ የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከመቶ ዓመት በፊት ኔፕልስ ላይ ለጣልያኖች አማርኛ ያስተምር ነበር። ልብ ወለዱንም በ1908 ያሳተመው ሮም ነው። (ኋላ ከጣልያን ጋር የሠራው ሥራ ሌላ ወሬ ነው፣ እሱን አላነሳም።) አለቃ ታዬም በርሊን አስተምረዋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ አሉ። አምሐራ፣ መካነ ሥላሴ የተወለዱ መነኩሴ ናቸው። በ1649 ሮም ላይ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ አገኛቸው፣ በ1652 ጀርመን ድረስ ሄደው አስተማሩት። ሉዶልፍ ያሳተመው የግእዝም የአማርኛም ሰዋስው ከሳቸው አፍ የተቀዳ እውቀት አለበት። ዛሬ ሀምቡርግ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ማእከል በማን ስም የሚጠራ ይመስልሃል? በሉዶልፍ።

የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝ ያልኩህ ይኸው ነው።

በ1986 ዓ.ም. (ይህ በኛ ነው) ባሕር ዳር ገና ሥራ ፈላጊ ሳለሁ አንድ የውጭ አገር አጥኚ ቀን በቀን እየከፈለኝ የቅኔ ካሴት እገለብጥለት ነበር። ስድሳ ካሴት። ቴፑ ሲበላው በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ፣ እንደገና እየሰማሁ። አንድ መወድስ ላይ ወርቁ፣ ማለትም የተሰወረው ትርጉም፣ ጠፋኝ። ቅዳሜ ገጠር ወርጄ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ጧፍ አብርተው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝና «ይኼ እንኳ ለካሴት አይነገርም» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ነገሩኝ። ሰኞ ጠዋት እየሮጥኩ ሄጄ ለሰውዬው ነገርኩት። እሱም በትንሿ ደብተሩ ጻፋት። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ሳየው ያቺ ወርቅ ሁለት ገጽ ሙሉ ተተንትናለች፤ «እኔ እንደደረስኩበት» ትላለች። እኔና የኔታ መቅድሙ ላይ «ለተባበሩኝ የአካባቢው ሰዎች» ውስጥ ነን። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ በገናም ፖስት ካርድ ይልክልኝ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የተመዘገብኩት የዚያኑ ዓመት ነው፤ ሚስቴ እርጉዝ ነበረች፣ ቤተሰብ ሁሉ አብደሃል አለኝ።

ስለዚህ «ልሂድ ወይ?» ላልከው፦ ሂድ። ግን ረዳት ሆነህ አትሂድ። ካሴት ገልባጭ፣ ብራና አንባቢ፣ «እስቲ ይህችን ፍታልኝ» የሚባል ሰው አትሁን። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን አስብ። እኛው አገር ቤተ ክህነት የሚያውቀውን እውቀት ይዘው፣ በዶክትሬት አስረው፣ ሚኒሶታ ላይ በማይክሮፊልም የተነሱትን የኢትዮጵያ ብራናዎች በስማቸው ካታሎግ አደረጉ። በ1988 የአሜሪካው የማክአርተር ሽልማት የተሰጣቸው «ለትብብራቸው» አይደለም።

ሀምቡርግን የመረጥከው ጥሩ አድርገህ ነው። አምስት ቅጽ ያለው የኢትዮጵያ ኢንሳይክሎፒዲያ የተዘጋጀው እዚያ ነው፣ ከ2003 እስከ 2014 ወጥቶ አለቀ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ብራናዎቻችንን በኮምፒውተር የሚመዘግብ የረጅም ጊዜ ፕሮጀክት አላቸው፤ ስሙ ራሱ «ቤተ መጻሕፍት» ነው። እዚያ የሚፈለገው ሰው ግእዙን አንብቦ ኤክስኤምኤል በሚሉት አጻጻፍ ኮምፒውተር ላይ የሚያሰፍር ነው። ግእዙን የሚያውቅ ፈረንጅ አለ፣ ኤክስኤምኤል የሚያውቅ ደግሞ የትም አለ። ሁለቱን ይዞ በዚያ ላይ ቅኔ የሚቆጥር ግን እጅግ ጥቂት ነው። ክረምቱን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተማረው፣ አይከብድም፣ ከመወድስ አይብስም። ሥራ የምታገኝበት ሁለተኛ እግርህ እሱ ነው፤ የኢትዮጵያ ጥናት ነገ ቢዘጋ እንኳ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይቀጥሩሃል።

አሁን ገንዘቡ። ኤጀንቱ የሚሸጥልህ ነገር የለውም። ሀምቡርግ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፣ በየሴሚስተሩ መዋጮ ብቻ አለ። ማመልከቻውን ራስህ ድረ ገጻቸው ላይ ትሞላለህ። የሚከብደው ቪዛው ነው። በራስህ ገንዘብ ልትማር ካልክ ለአንድ ዓመት መኖሪያ ወደ 12 ሺህ ዩሮ በዝግ ሒሳብ አስቀምጠህ ማሳየት አለብህ። ይህን የጎጃም ገበሬ በሬ አይችለውም፣ መንደሩ በሙሉ ጥማዱን ቢሸጥም አይችለውም። መንገድህ ስኮላርሺፕ ነው፣ መጀመሪያ ዳአድ (DAAD) የሚሉትን የጀርመኖቹን ሞክር። ዘንድሮ ባይሳካ ለከርሞ ታመለክታለህ። የትምህርቱ ቋንቋ ጀርመንኛ ይሁን እንግሊዝኛ ግን ከማመልከትህ በፊት አረጋግጥ፤ ጀርመንኛ ከሆነ ዛሬውኑ ጀምር።

የአጎትህ ሱቅ ነውር የለበትም። እስክታገኝ ግማሽ ቀን ሥራ፣ ደሞዝም ተቀበል። ቁልፉን ግን አትረከብ። ቁልፍ ይዞ የወጣ የወንድም ልጅ አላየሁም።

ሲቪህ ላይ የአብነቱን ትምህርት ልደብቀው ወይ ላልከው፣ ምን ነካህ? ከዲግሪህ በላይ አስቀምጠው። የትኛው ጉባኤ፣ ከማን ሥር፣ ስንት ዓመት፣ እስከ የትኛው ቅኔ እንደደረስክ ጻፍ። እጮኛህ ትጠብቅህ እንደሆነ ደግሞ እሷን ጠይቃት።

አባትህን በተመለከተ፣ ክርክሩን ትተህ እሑድ ቤት ስትሄድ የአፈወርቅን ነገር አጫውታቸው። ዘጌ ሲባል ጆሯቸውን ይሰጡሃል። ለኤጀንቱ ግን እሑድን አትጠብቅ፣ ዛሬ ደውለህ ቀርቷል በለው። በሬዎቹ ሰኔ ላይ ይፈለጋሉ።