አብሮ አደጌ ሲመጣ ምን ፊት ይዤ ልቀበለው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ዕድሜዬ 54 ዓመት ነው። አንድ አብሮ አደግ ነበረኝ። አባቱ የአሰብ መሥመር የተሳቢ ሾፌር ነበሩ፤ ቤታቸውን ከቤታችን የሚለየው አንድ አጥር ነበር፤ እናቱና እናቴም ቡና የሚያፈሉት በየተራ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ የተማርነው ደሴ ላይ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን፣ በየሳምንቱ የሐረጎን ዳገት ወጥተን እየወረድን፣ ከአንድ ከረጢት ድርቆሽ እየበላን ነው። የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ከኤርትራ መሆኑን እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አስቤበት አላውቅም።

በዚያ ዓመት ግንቦት ጦርነቱ ተጀመረ፤ በክረምቱ እነርሱም ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። በመሄጃቸው ዋዜማ ሌሊት እናቱ የእግር ሲንጀራቸውን፣ የልብስ ስፌት መኪናቸውን፣ «እስክመለስ አደራ» ብለው ለእናቴ ሰጡ፤ እርሱና እኔ ተሸክመን በጓሮ በኩል አስገባነው። ጠዋት አውቶቡሱ በባቲ መንገድ ሲነሣ ሰፈሩ በሙሉ በሩን ዘግቶ ነበር፤ እኔም ዘጋሁ። ጓደኛዬ ዞሮ ወደ ቤታችን ሲመለከት በመስኮት ቀዳዳ አይቼዋለሁ።

ሲንጀሩን በ1995 ዓ.ም. እኅቴ ታምማ ሲቸግረን በ1,200 ብር ሸጥነው። እናቱ በ1997 ዓ.ም. አስመራ ላይ ማረፋቸውን በሰው በሰው ሰማን። የእኔም እናት በ2009 ዓ.ም. ዐረፈች። ባለፈው ወር የእኅቴ ልጅ በፌስቡክ አገናኘን፤ አሁን የሚኖረው ስዊድን ነው። በስልክ ሁለታችንም አለቀስን፤ ለጥር እንደሚመጣም ነገረኝ። በመጨረሻ «እማማን ሳምልኝ፣ ቡናዋን መጥቼ እጠጣለሁ» ሲለኝ መሞቷን መናገር አቅቶኝ «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ከየቱ ልጀምር? ምን ፊት ይዤስ ልቀበለው?

ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ እንደተረዳነው እንቅልፍ የነሣዎት የ1990ው ጠዋት ነው። በእኛ አስተያየት ግን ያ ጠዋት ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቀ ስለሆነ ጥቂት ወራት ቢጨመርበት አይከፋም፤ አንድ ሳምንት እንኳ ማደር የሌለበት በስልክ ያሉት «እሺ» ነው። ሰውየው ይህን ጊዜ ሱቅ ገብቶ ለእናትዎ የሚሆን ሻል እያስመረጠ ሊሆን ይችላል።

መርዶ በስልክ፣ ለዚያውም ብቻውን ለተቀመጠ ሰው እንደማይነገር ስለሚያውቁ ነው እሺ ያሉት፤ በዚህ ራስዎን አይውቀሱ። ልማዳችን ሰዎች ተሰባስበው ጎሕ ሳይቀድ ከቤቱ ሄደው እንዲያረዱት ያዛል፤ ምክንያቱም ሲያለቅስ የሚደግፈው ሰው በአጠገቡ እንዲኖር፣ ቀኑም ሙሉ ለለቅሶው እንዲተርፈው ነው። ብዙ ሰው «እስኪመጣ ይቆይ፤ እዚሁ ቤትህ አሳድረህ ንጋት ላይ ይነገረው» ብሎ ይመክርዎት ይሆናል። ምክሩ ከልማዱ ባይወጣም እኛ አንስማማበትም። እንግዳዎ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጣ የሚያርፈው እዚያው ኮምቦልቻ ነው፤ የደሴም መንገደኛ የሚወርደው በዚሁ ጣቢያ ነውና። ከአውሮፕላኑ እንደወረደ የመጀመሪያ ጥያቄው «እማማ እንዴት ናት?» ይሆናል። እርስዎም እስከ ማግስቱ ንጋት ድረስ ስንት ጊዜ «ደኅና ናት» ሊሉ ነው? አንዱን እሺ ይቅር ይልዎታል፤ በአካል ቆመው ዐይኑን እያዩ የሚጨምሩት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ያገናኛችሁ የእኅትዎ ልጅ በዚያው ገጽ በኩል ስዊድን ያሉ ዘመዶቹን ወይም ወዳጆቹን ያፈላልግ። ሁለት ሦስት ሰዎች በዕረፍት ቀኑ ማልደው ቤቱ ሄደው ይንገሩት፤ እርስዎም በዚያው ዕለት ደውለው አብረው ያልቅሱ። መቼ እንዳረፉ፣ በምን እንደታመሙ፣ የት እንደተቀበሩ ይጠይቅዎታልና ሳይቸኩሉ ይመልሱለት።

ይህ ከተፈጸመ ሲመጣ በእርስዎ ቤት የሚሆነው የመጀመሪያው ነገር ግብዣ ሳይሆን ለቅሶ መሆን ይገባዋል፤ የሁለቱም እናቶች ለቅሶ። የእናቱን ለቅሶ ሰፈሩ ሊደርስ ያልቻለው ጠልቶ አልነበረም። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለቱ አገሮች መካከል በቀጥታ ስልክ መደወል አይቻልም ነበር፤ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. የተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት ጦርነቱን ቢዘጋም ስልኩን አልከፈተም፤ የተከፈተው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። ጓደኛዎ የወጣበት፣ ወደ አሰብ የሚወስደው የቡሬ መንገድም በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ተከፍቶ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ተዘግቷል። ስለዚህ እናቱን የሚያውቁ የቀድሞ ጎረቤቶችን፣ በተለይ በዚያ የቡና ተራ ውስጥ የነበሩትን ሴቶች፣ ከቅሬያችሁም (ከዕድራችሁ) ሽማግሌዎች የቀሩትን ይጥሩ። ንፍሮ ይቀቀል፣ ቡና ይፈላ። ሙስሊሙ ዱዓውን ያደርጋል፣ ክርስቲያኑም ነፍስ ይማር ይላል፤ ይህን ለወሎ ሰው እኛ አናስተምርም። አንድ ነገር ብቻ እንለምናለን፤ ወጣቶቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ ያስቀምጡ። የሰው እንባ ቪዲዮ ሆኖ ሲዞር ባለፉት ዓመታት አይተን ተሳቀናል።

አሁን ወደ አደራው እንምጣ። ከሕግ አንጻር ብቻ ካዩት ነገሩ ቀላል ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 መሠረት፣ በሕግ በሌላ ሁኔታ ካልተደነገገ በቀር ውል እንዲፈጸም ወይም ባለመፈጸሙ ምክንያት የሚቀርብ ክስ በ10 ዓመት ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል። ነገር ግን ያው ሕግ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለው፤ ይርጋውን ተከራካሪው ራሱ ካላነሣው በቀር ዳኛው በራሱ ሥልጣን ሊያነሣው አይችልም። ጠያቂያችንም አያንሡት፤ «ያኔ እኮ ችግር ነበር፣ ስንት ዓመቱ!» ማለት የሰፈር ይርጋ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ደሴንና ኮምቦልቻን ጥለው ሲወጡ የቤታቸውን ቁልፍ ለጎረቤት የሰጡ አንባቢዎቻችን፣ ሲመለሱ ዕቃቸውን ያገኙትም ያላገኙትም፣ የአደራን ክብደት ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

በሌላ በኩል ግን አንዳንድ ሰው እንደሚያደርገው ሌላ ሲንጀር ከሰኞ ገበያ ገዝቶ፣ በጨርቅ ሸፍኖ፣ እንግዳው ሲገባ መግለጥ ቴያትር ነው። ያ ሲንጀር የእናቱ እጅ የነካው ነበረ፤ ይኼኛው አይደለም። 1,200 ብር ቆጥሮ መስጠትም ዛሬ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ይልቅስ ለቅሶው ካለፈ በኋላ መቼ እንደሸጣችሁት፣ በስንት እንደሸጣችሁት፣ ለማን ሕመም እንደዋለ አንዱንም ሳያስቀሩ ይንገሩት። ዛሬ አንድ ያገለገለ የእግር ሲንጀር የሚያወጣውን ዋጋ አስቀድመው ከልብስ ሰፊዎች ይጠይቁና ያን ያህል ገንዘብ ያዘጋጁ፤ ከዚያ በእናቱ ስም ምን እንዲደረግበት እንደሚፈልግ ይጠይቁት። እርግጠኞች ነን፣ መጀመሪያ «ተወው» ይላል። እርስዎ አይተዉት፤ ከመሄዱ በፊት ደግመው ይጠይቁት። ደግሞም ወንድም ወይም እኅት ካለው አደራው የእርሱ ብቻ አይደለምና «ተወው» የማለት ሙሉ ሥልጣን የለውም።

የመጨረሻው ያ ጠዋት ነው። በዚያ ጦርነት ጊዜ ከኢትዮጵያ የወጡት ወደ 75,000 እንደሚደርሱ ተገምቷል፤ ከኤርትራም በኩል እንዲሁ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ኑሯቸውን እየጣሉ ተመልሰዋል፤ ከአሰብ አንዲት ሻንጣ ብቻ ይዘው ደሴና ኮምቦልቻ የገቡትን እርስዎም ሳያዩ አይቀሩም። ይህን የምናነሣው በሩን የዘጋው እርስዎ ብቻ እንዳልነበሩ ለማሳሰብ እንጂ ለጓደኛዎ እንዲነግሩት አይደለም። ለእርሱ መንደሩ ምን አደረገ የሚለው ጥያቄ አይደለም፤ ዞሮ የተመለከተው አንድ ቤት ብቻ ነበር።

እንግዲህ በማግስቱ ወይም በሣልስቱ፣ ደሴን ልየው ማለቱ አይቀርምና፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ሐረጎን ውጡ። ሽማግሌ ባለበት አይጀምሩት፤ የእኛ ሽማግሌ መልካም ነው፣ ነገር ግን ነገሩ ሳይወጣ «በሉ ተሳሳሙ» ማለት ይወዳል። ዳገቱ ላይ መኪናውን አቁማችሁ ቁልቁል ኮምቦልቻን ስታዩ፣ «ዞረህ ስታይ አይቼህ ነበር፤ ፈርቼ አልወጣሁም» ይበሉት። እዚህ ላይ ያቁሙ። ማን እንዳስፈራራዎት፣ ማን ጎረቤቱን እንደጠቆመ፣ እናትዎ እንዴት እንደከለከሉዎት አይጨምሩበት፤ ምክንያት ሲደረደር ይቅርታው ሙግት ይሆናል፣ ሙግት ደግሞ ወደ ሁለቱ መንግሥታት ይወስዳችኋል። ምናልባት ዝም ይል ይሆናል። ዝም ካለ እርስዎም ዝም ይበሉ፤ ሐረጎ ጭጋግ ሲለብስ ሁለታችሁ ተማሪ ሳላችሁም ዝም ብላችሁ የወጣችሁበት ቀን መኖሩን አንጠራጠርም።

ያደገበትን ቤት ግን ካልጠየቀዎት በቀር አይውሰዱት። ከጠየቀ አስቀድመው አሁን ያሉትን ነዋሪዎች ያነጋግሩ፤ ሰዎቹ «ንብረቱን ሊጠይቅ መጣ» ብለው ደንግጠው በር ቢዘጉበት፣ በዚያ ሰፈር ሁለተኛ የተዘጋ በር ይሆንበታል።

ጥያቄ፦ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜ ከአንዲት የጎጃም ልጅ ጋር አንድ ጣቢያ ዘምተን እንደ እኅት ሆነን ነበር። እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ ደብዳቤ እንጻጻፍ ነበር፤ ከዚያ ተቋረጠ። አሁን ልጆቼ አድገው ጊዜ አግኝቻለሁና ብፈልጋት ደስ ይለኛል። በምን ላግኛት?

አንዲት እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እናታችን፣ ደብዳቤው የተቋረጠበትን ዓመት ስናይ ልባችን ፈራ፤ እርስዎም ሳይፈሩ አልቀሩም። በዚያ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ዘምተዋል፤ ከተመለሱት ውስጥ ስንቶቹ በቀይ ሽብር እንደቀሩ የእርስዎ ትውልድ ይመሰክራል። ስለዚህ ልጆችዎ አዲስ አበባ ሲሄዱ አስቀድመው በመስቀል አደባባይ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ያሉትን ስሞችና ፎቶግራፎች ይመልከቱልዎ። ስሟ እዚያ አለመኖሩ በሕይወት መኖሯን አያረጋግጥም፤ ቢኖር ግን ፍለጋው ቤተሰቧን አግኝቶ ለቅሶ ወደ መድረስ ይለወጣል።

በሕይወት ካለች አንድ ነገር ይረዳዎታል፤ የእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። ይሁን እንጂ ስምና የአባት ስም ብቻ ይዘው በኢንተርኔት ቢፈልጉ መቶ ሰው ይመጣልዎታል፤ የአያቷን ስም፣ የቤት ስሟንና የተማረችበትን ትምህርት ቤት ያስታውሱ። የወላጆቿን ሰፈር ካወቁ በአካባቢው ያለውን ዕድር ያስጠይቁ፤ እኛ ዘንድ ቅሬ እንደምንለው ማለት ነው። የአባወራው ስም በመዝገቡ ባይገኝ እንኳ ማን የት እንደገባ የሚያስታውስ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም።

ካገኟትም ስልኳን ተቀብለው ወዲያው አይደውሉ። በዚያን ዘመን ያለፈችበትን ለባሏና ለልጆቿ ጭምር ደብቃ የምትኖር ሴት ጥቂት አይደለችም። ስልኳን በሰጠዎት ሰው በኩል ስምዎንና የጣቢያችሁን ስም ብቻ ይላኩላት፤ የእርስዎንም ቁጥር ይጨምሩበት፤ ከዚያ እርሷ ትደውል።