ሮስተሩ ላይ የፈረምሁት ፊርማ

ዘንድሮ መምህር ሆናችሁ ለምትመደቡ ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆኑኝ። ከዚያ በፊት ግን ከዕድሜዬ የሚበልጠውን ክፍል በገጠር ትምህርት ቤት አሳልፌአለሁ፤ መጀመሪያ መምህር፣ ኋላ ርዕሰ መምህር፣ በመጨረሻም ሱፐርቫይዘር ሆኜ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ተነግሮ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን የሰማሁ ዕለት ሌሊቱን በዓይኔ እንቅልፍ አልዞረም። በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 ሆነ። ሰው ሁሉ ስለ ፈተናው ክብደት ሲያወራ እኔ የማስበው ስለ አንድ ልጅና ስለ አንድ ፊርማ ነበር።

ጊዜው ክረምት ነው። አንድ ገበሬ ልጁን አስከትሎ ደጃፌ ላይ ቆመ። ከቀበሌ ስለ መሬቱ የተሰጠችው አንዲት ወረቀት በእጁ አለች። «መምህር፣ ይህ ልጅ አምስተኛ ክፍል አልፏል ብላችሁ ካርድ ሰጥታችሁታል፤ ይህችን ወረቀት አንብብልኝ ብለው ግን ዓይን ዓይኔን ያያል። እምቢ ብሎኝ ነው ወይስ አያውቅም?» አለኝ። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዓመት በክፍሌ ተቀምጧል። ወረቀቱን ተቀብዬ ጣቴን የመጀመሪያው ቃል ላይ አደረግሁለት። ፊደላቱን አንድ በአንድ ይጠራቸዋል፤ ቃሉን ግን ሊያወጣው አልቻለም። ካርዱ ላይ አማርኛ 72 ይላል። 72ቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ለምን እንደጻፍሁት ልንገራችሁ። እናንተም ሳታስቡት ስትጽፉት እንዳትገኙ ነው የምነግራችሁ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ በአገራችን የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ፣ ማለትም በዕድሜው ካሉት ልጆች አንጻር የተመዘገቡት ሁሉ ብዛት፣ 30 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2001 ዓ.ም. ከ90 በመቶ አለፈ። ይህን ማንም እንዲያቃልልባችሁ አትፍቀዱ። እረኛ የነበረ ልጅ ደብተር ይዞ ሲመጣ፣ እናቱ «የእኔም ልጅ!» ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። ሕዝቡ ትምህርት ቤት ይናፍቅ ነበር፤ ግንብ እስኪሠራ አልጠበቀም፣ እንጨት ቆርጦ ዳስ ጣለ። በደሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መንግሥት ያ ናፍቆት ምን ያህል ድጋፍ እንደሚያስገኝለት ሲያውቅ ልጅ መቁጠር ጀመረ፤ የቆጠራቸው ልጆች ምን እንደሚያነቡ ግን አልጠየቀም። ሕዝበኛ ፖለቲካ ስትባሉ ሰልፍና ጩኸት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሕዝቡ የሚመኘውን ነገር መልኩን ሰጥቶ ነገሩን ማስቀረትም ሕዝበኝነት ነው። ትምህርት ቤቱ አለ፣ ልጁ ክፍል ውስጥ አለ፣ ካርዱም አለ። ንባቡ የለም።

ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጅ በተከታታይ ምዘና እየታየ በነጻ እንዲያልፍ ታዘዘ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በየሳምንቱ እየለኩ የደከመውን ልጅ እየለዩ ማገዝ ነበር። ታዲያ 85 ልጅ በአንድ ክፍል አጭቀህ፣ አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት አንተው አስተምር ተብሎ፣ ማን ማንን ይለያል? መምህሩ ራሱ እኮ ብዙ ጊዜ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት ብቻ ሠልጥኖ የመጣ ልጅ ነበር። ምዘናው ቀረ፣ ማሳለፉ ብቻ ተረፈ።

ከዚያ ቅጹ መጣ። መጠነ ማቋረጥ ስንት፣ መጠነ መድገም ስንት? ቅጹ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይወጣል፤ በየደረጃው ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይወዳደራል፣ በሥራ አፈጻጸሙም ይመዘንበታል። አንድ ዓመት 19 ልጆች ይድገሙ ብዬ አቅርቤ ነበር። የተመደብሁበት ወረዳ ኃላፊ ጠራኝና «ብክነት አበዛህብን፣ እንደገና እየው» አለኝ፤ ብክነት የሚሉት የሚደግመውንና የሚያቋርጠውን ልጅ ነው። አየሁት። 19ኙም አለፉ፤ እኔም የክፍሉ ልጆች ሁሉ ውጤት በሚሰፍርበት ሮስተር ላይ ፈረምሁ። ማንም አልደበደበኝም፣ ማንም ደመወዜን አልነካም። የፈረምሁት ከስብሰባ ወቀሳ ለመዳን ነው። ለዚህ ነው ሁሉንም ጥፋት ፖሊሲው ላይ ጥዬ መሄድ የማይሆንልኝ።

ከፍ ባለው ደረጃም ነገሩ ያው ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲተከል ጉዱን ለማየት ሄጄ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይወርዳል፤ መምህሩ ጥግ ይዞ ቆሟል። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ዝም ይላል፣ ክፍሉ ገና ጥያቄውን ሳይረዳ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። አቁምልን ቢሉት የሚሰማ አይደለም። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ምደባ 70 ለ30 ይሁን ተባለ፤ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ። ቤተ ሙከራው ተቆልፎ የኖረበት ልጅ ኢንጂነሪንግ ገባ፤ ታሪክ የሚወደውም አብሮ ገባ።

ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተዛውሮ ኩረጃው ሲገታ ነው ሁሉም ነገር አፍጥጦ የወጣው። እውነቱን አደባባይ ማውጣቱን ደግፌአለሁ፣ ዛሬም እደግፋለሁ። የሚያሳዝነኝ ግን ጨክነን የተገኘነው 12ኛ ክፍል በር ላይ መሆኑ ነው። የ18 ዓመት ልጅ «ወደቅህ» ሲባል፣ ሰባት ዓመት ሳለ ፊደል ሳናስጨርሰው ያሳለፍነው ሰዎች የትም አልተጠራንም።

እንግዲህ እናንተ ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ትገባላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዓመታዊ ዕቅድ አምጡ፣ ቅጽ ሙሉ ትባላላችሁ፤ ሙሉት። ከሰዓት በኋላ ግን ልጆቹን አምስት አምስት እያደረጋችሁ ከክፍል ውጭ፣ ዛፍ ሥርም ቢሆን፣ አንድ አጭር አንቀጽ አስነብቧቸው። በሌሎች ፊት አታስነብቧቸው፤ ያፈረ ልጅ ከዚያ ወዲያ አፉን አይከፍትም። ማን ፊደል እንደሚቀረው፣ ማን ቃል እንደሚያወጣ፣ ማን አንብቦ እንደሚረዳ በራሳችሁ ደብተር መዝግቡ። ይህ ደብተር ለወረዳ የሚላክ አይደለም። ሰኔ ላይ ሮስተሩ ሲመጣ ግን አጠገባችሁ ይኑር። «ብክነት አበዛችሁ» የሚል ሰው ሲመጣም ደብተሩን ከፍታችሁ ልጁን ጥሩት፤ እሱ ፊት ያንብብ። እኔ ያን ሰው ክፍሌ ድረስ አምጥቼ ቢሆን ኖሮ እያልሁ ስንት ዓመት ተቆጨሁ።

ሌላም አለ። አምስተኛ ክፍል የማያነብ ልጅ ሲገጥማችሁ የአምስተኛውን መጽሐፍ አታስታቅፉት። ወደ አንደኛ ክፍል መጽሐፍ መልሱት፤ ለእሱ ውርደት እንዳይመስለው ግን ታናሽ ወንድሙን እንዲያስተምርበት ብላችሁ ስጡት። ይህን የተማርሁት ከዚያ ልጅ ነው።

ያን ክረምት በየማታው፣ ከብቶቹን ካስገባ በኋላ፣ ደጄ ላይ ተቀምጦ ከሀ ጀመርን። ብልህ ልጅ ነበር፤ የቸገረው የሚያዳምጠው ሰው ብቻ ነው። ጳጉሜ ላይ ወረቀቷን ለአባቱ አነበበለት። አባትየው ሁለት ጊዜ አስደገመውና ወረቀቷን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት።

በዚያው ሮስተር ላይ የነበሩትን ሌሎቹን 84 ልጆች ግን አልጠራኋቸውም።