አንድ ፎርም፣ ዘጠኝ ግቢ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ እዚሁ ጎንደር 12ኛ ክፍል ትማራለች። ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማመልከት ፈልጋለች። «በአንድ ፎርም ዘጠኙንም ግቢ መምረጥ ይቻላል፤ አሁን ሁሉም የሚያደርገው እንደዚያ ነው» ትለኛለች። ፎርም የሚሞላላት ልጅ ደግሞ «ብዙ ከመረጥሽ አንዱ መያዙ አይቀርም» ብሏታል። እውነት ነው? (አባት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ የፎርሙ ነገር እውነት ነው። ዩኒቨርሲቲው 10 ግቢ አለው። ሳንፍራንሲስኮ የጤና ድኅረ ምረቃ ስለሆነ ለጀማሪ የሚቀሩት 9 ናቸው፤ በርክሌይ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሳንዲያጎ፣ ኧርቫይን፣ ዴቪስ፣ ሳንታ ባርባራ፣ ሳንታ ክሩዝ፣ ሪቨርሳይድና መርሴድ። ፎርሙ አንድ ይሁን እንጂ ውሳኔው የየግቢው ነው። አንዱ ግቢ ሌላ የት እንዳመለከተች አያይም፤ ስለዚህ ብዙ መምረጧ አያስቀንስባትም፣ አያስጨምርላትምም።

«ሁሉም» የሚለው ቢጋነንም ነገሩ መሠረት አለው። በዓመት ከ200 ሺህ በላይ አዲስ ተማሪ ያመለክታል፤ ሎስ አንጀለስ ብቻውን ከ140 ሺህ በላይ ማመልከቻ ይቀበላል። አምስት ግቢ የመረጠች ልጅ አምስት ቦታ ትቆጠራለች። ዩኒቨርሲቲው ከ2021 ወዲህ ኤስኤቲ የተባለውን የአሜሪካ መግቢያ ፈተና ውጤት ማየት ጨርሶ ማቆሙም «ውጤቴ አይበቃም» ብሎ ይቀር የነበረውን ተማሪ አምጥቷል። ማመልከቻ ሲበዛ የመግቢያው መቶኛ ይወርዳል፤ መቶኛው ሲወርድ ተማሪው ፈርቶ ሌላ ግቢ ይጨምራል፤ መቶኛው እንደገና ይወርዳል። ሎስ አንጀለስ ከመቶ 9 ያህል ብቻ ይቀበላል ሲባል የቀሩት 91 ሜዳ ላይ ቀሩ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ዴቪስ ወይም ሪቨርሳይድ ገብተዋል። መርሴድ ደግሞ አብዛኛውን አመልካች ይቀበላል።

«አንዱ መያዙ አይቀርም» የሚለው ግን የሎተሪ ስሌት ነው። ዘጠኙም ግቢ የሚያዩት ያንኑ ውጤትና ያንኑ ጽሑፍ ነው። በርክሌይን፣ ሎስ አንጀለስን፣ ሳንዲያጎንና ኧርቫይንን መርጣ አራቱም ላይ ኮምፒውተር ሳይንስ ብትሞላ አንዱ የጣላት ምክንያት ሌሎቹም ጋ ይጠብቃታል። አራት ይበቃታል፦ አንድ ከባድ፣ ሁለት መካከለኛ፣ አንድ ደግሞ ውጤቷ በግልጽ የሚያልፍበት። ለዚህ የግቢውን ጠቅላላ መቶኛ ሳይሆን የምትፈልገውን ዲፓርትመንት መቶኛ ትመልከት፤ በአንዱ ግቢ ውስጥ እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

አሁን ወደ ኪስዎ። ለውጭ አገር አመልካች ክፍያው በአንድ ግቢ 95 ዶላር ነው። አራት ግቢ 380፣ ዘጠኝ ግቢ 855 ዶላር ይሆናል፤ አይመለስም። ከክፍያ ነፃ የሚያደርገው ፈቃድ ለውጭ ተማሪ አይሠራም። ከዚህ የሚብሰው ግን ዩኒቨርሲቲው ለውጭ ተማሪ የቤተሰብን አቅም አይቶ ድጎማ አለመስጠቱ ነው፤ ትምህርት፣ መኝታና ምግብ ተደምሮ በዓመት ከ75 ሺህ ዶላር ያልፋል። ይህን የሚከፍል ከሌለ ስንት ግቢ ትምረጥ ብሎ መጨነቅ ትርፉ ድካም ነው። ለውጭ ተማሪ ሙሉ ድጎማ የሚሰጡ ጥቂት የግል ኮሌጆች ስላሉ ጊዜዋን እዚያ ብታውል ይሻላል። የአሜሪካ ዜግነት ወይም መኖሪያ ፈቃድ ካላት ነገሩ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ለእያንዳንዱ ግቢ የተለየ ጽሑፍ መጻፍ አለብኝ? (ተማሪ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ የለብህም። ከ8 ጥያቄዎች 4 መርጠህ ለእያንዳንዱ እስከ 350 ቃል ትጽፋለህ፤ ያው ጽሑፍ ለመረጥካቸው ግቢዎች ሁሉ ይሄዳል። ስለዚህ የአንድም ግቢ ስም አትጥራ። «ከልጅነቴ ጀምሮ በርክሌይን ስመኝ» ብለህ የጻፍከውን የዴቪሱም አንባቢ ያነበዋል። ፎርሙን ከላክህ በኋላ ጊዜው እስኪያልፍ ግቢ መጨመር ትችላለህ፤ የላክኸውን ግቢ መሰረዝም ሆነ ጽሑፉን መቀየር ግን አይቻልም።

ጥያቄ፦ ፎርሙ ላይ የእኛ ልጆች በብዛት የሚሳሳቱት የት ነው? (መምህርት፣ ከአራዳ)

መልስ፦ አንደኛው ዓመተ ምሕረት ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ 2017 ዓ.ም. ያለው ወደ 2024/25 መመለስ አለበት፤ እንዳለ ከገባ ልጁ ከብዙ ዓመት በፊት የተማረ ይመስላል። ውጤት ግን በተቃራኒው አይነካም። 87 እንደ 87 ይገባል እንጂ ወደ ኤ ወይም ወደ 4.0 አይቀየርም። አማካዩን ብቻ መሙላትም አይበቃም፤ የአንደኛውና የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ውጤት ለየብቻው ይግባ። ትራንስክሪፕት በዚህ ደረጃ አይላክም፤ የሚጠየቀው ቅበላ ከተገኘ በኋላ ነው። ያኔ የሞሉት ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ የተሰጠው ቅበላ ሊሰረዝ ይችላል።

ስምም ያስቸግራል። ፓስፖርቱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው የአያት ከሆነ ፎርሙም፣ ቶፍል የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተናም ላይ የአያት ይሁን። አንዱ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ሲሆን የእንግሊዝኛው ውጤት ከፋይሉ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። መላኪያው ከኦክቶበር 1 እስከ ዲሴምበር መግቢያ፣ በእኛ ከመስከረም 21 ገደማ እስከ ኅዳር 20ዎቹ መጀመሪያ ነው። የሚዘጋው ካሊፎርኒያ ላይ ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ ማለትም ጎንደር ላይ በማግሥቱ ከረፋዱ 4፡59 ነው። የመጨረሻውን ማለዳ አትጠብቁ። ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሆነ ካርዱ እምቢ ሲል ባንክ ለመሄድ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይኑራችሁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ግቢ ቢቀበለኝስ?

መልስ፦ እስከ ሜይ 1 ለአንዱ ብቻ «እሺ» ትላለህ።

ጥያቄ፦ እኛስ? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስሞላ ማራኪ ግቢንና ቴዎድሮስ ግቢን ለየብቻ መምረጥ እችላለሁ? (ተማሪ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ አትችልም። የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ የሚጠይቅህ ዩኒቨርሲቲውን እንጂ ግቢውን አይደለም። ግቢው የሚመጣው ከዲፓርትመንትህ ጋር ነው፤ ሕግ የደረሰው ማራኪ ይማራል፣ ሕክምና የደረሰው ከሆስፒታሉ አይርቅም። ማራኪን የምትፈልገው ለቤታችሁ ስለሚቀርብ ከሆነ ፎርሙ ላይ የምትሠራው ነገር የለም። በትምህርቱ ምክንያት ከሆነ ግን ዲፓርትመንት የሚመረጠው በአንደኛ ዓመት ውጤት ስለሆነ ያንን ዓመት አትዘናጋበት።